ጥላ ያዳነው ቸኮሌት

ሰብለወርቅ የባሏ አስከሬን ወዳለበት ክፍል ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው በአስከሬኑ ላይ አልነበረም፤ ጠረጴዛው ላይ በተከፈተው የቸኮሌት ሳጥን ላይ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ብትናገርስ ማን ይረዳታል? ቤንያሚን ከጠረጴዛው ጎን ወለሉ ላይ ተጋድሞ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ከኋላ ጭንቅላቱን የመታው የምድጃ ጡብ እዚያው ወድቋል። እሷ ግን የምታየው ሳጥኑን ነው። ትልቅ ሳጥን ነው፤ ወርቃማ ጥብጣቡ ተፈትቶ አጠገቡ ተቀምጧል። ለእሷ እንዲህ ያለ ሳጥን ገዝቶላት አያውቅም። «ለሳሪት ነው» አለች በሆዷ። ቅናቷ ከእንባዋ ቀድሞ ደረሰ፤ እንባዋ የመጣው ጨርቁ ተገልጦ ፊቱን ስታይ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ፣ የሰንበት ጠዋት ነበር። ቦታው አሽዶድ፣ ከወደቡ በማይርቀው የፋብሪካዎች ሰፈር ያለ ትንሽ መሥሪያ ቤት። እዚያ የሚሠሩት ሦስት መሐንዲሶች ብቻ ናቸው፦ ባለቤቱ ሽሎሚ፣ የሰብለወርቅ ባል ቤንያሚን፣ እና ሳሪት የምትባል ቀጭን፣ ባለ መነጽር ሴት። የዳቦና የመስተዋት ምድጃ የሚሠሩ ድርጅቶች ሙቀቱ በምድጃቸው ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ሲፈልጉ እነዚህ በኮምፒዩተር ያሰሉላቸዋል፤ ያሰሉትንም በሙከራ ክፍላቸው ይፈትሹታል። አስከሬኑን ያገኘው የግቢው ዘበኛ ታዬ ነው። ጠዋት ሲዞር በሩን ገርበብ ብሎ አየና ገባ፤ ከዚያም ፖሊስ ጠራ።

የመጣችው መርማሪ አትክልት ትባላለች። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት ቤተ እስራኤላውያን አንዷ ናት። ወፍራም ናት፤ ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ ፀሐይ አትወድም፤ የትም ብትቀመጥ ወንበሯን እየጎተተች ጥላ ትከተላለች። ለማያውቋት ሞኝ ትመስላለች፤ ይህ መስሏቸው ወህኒ የወረዱ ብዙ ናቸው። ቸኮሌቱን ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ ስታይ ሰብለወርቅ «ይቺም ለማን እንደተገዛ ገብቷታል» ብላ ተሸማቀቀች።

«ማታ ሳይመጣ ሲቀር ለምን አልደወልሽም?» አለቻት።

«ሰንበት ገብቶ ነበር፣ እትዬ። እኛ ቤት በሰንበት ስልክ አይነካም።»

«ወጥተሽስ አልፈለግሽውም?»

«አልወጣሁም።»

ሐኪሙ በዚህ መሀል ሥራውን ጨርሶ ነበር። አስከሬኑ ገና ለብ ይላል። ክፍሉ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ኮምፒዩተሮቹ እንዳይግሉ ማዝጋኑ፣ ማለት የአየር ማቀዝቀዣው፣ በብርድ ወራት እንኳ አይጠፋም፤ የግድግዳው መለኪያም አየሩ ሌሊቱን ሙሉ እንደበረደ ማደሩን ይመሰክራል። በእንዲህ ያለ ብርድ አስከሬን ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ገና ለብ ካለ የሞተው ሰንበት ከገባ ከብዙ በኋላ፣ ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው አለ ሐኪሙ።

ይህ ለሰብለወርቅ መጥፎ ወሬ ነበር። የምትኖርበት የሮቫ ዳሌት ሰፈር ጎረቤት ዓይን መቼም አይተኛም፤ ዓርብ ማታ ሻርፕ ደርባ ስትወጣ ያዩዋት ሁለት ሴቶች ነበሩ። አትክልት ከሰዓት በኋላ ቤቷ ድረስ መጥታ ይህን ነገረቻት። ሰብለወርቅም አመነች፤ ባሏን ከሳሪት ጋር እጅ ከፍንጅ ልትይዘው በእግሯ ወጥታ፣ ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ስትደርስ አፍራ ተመልሳለች።

«ያየሽ አለ? ስትመለሺ?»

«አባቴ ተኝተው ነበር።»

«እንግዲህ ከአሽዶድ እንዳትወጪ። ሌላ የደበቅሽኝ ካለም አሁን ንገሪኝ።»

«የለም» አለች።

ነበር እንጂ። ዓርብ ጠዋት ለሳሪት ደውላ፣ ዛሬ ከባሌ ጋር ብትገኚ ፀጉርሽን ይዤ ሰፈርሽ ሃኪርያ መሀል በሰው ፊት አዞርሻለሁ ብላ ዝታባታለች። ቤንያሚንና ሳሪት ዓርብ ዓርብ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ እዚያ ክፍል ይቀሩ ነበር። ይህን የነገራት ሽሎሚ ነው፤ እሱም እያዘነላት፣ እያባበላት፣ በየሳምንቱ እየደወለ። ብትታሰር አባቷን ማን ያያል የሚለው አስጨንቋታል። ከእስሩ ይልቅ አንጀቷን የሚበላው ግን ሌላ ነው፦ ባሌ ከድቶኛል ወይስ አልከዳኝም? የሞተ ሰው አይጠየቅም።

ቤንያሚን ከተቀበረ በኋላ በለቅሶው ቤት አትክልት በየቀኑ መጣች። ከለቀስተኛው ጋር ትቀመጣለች፤ ሻይ ትጠጣለች፤ ፀሐይዋ በመስኮት ስትገባ ወንበሯን ትጎትታለች። ከለቀስተኛው ምርመራ መሆኑን ያወቀ የለም፤ አንዷ ዘመድ መስላቸዋለች።

ታዬ መጣና አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሥራ የሚገባው ሰንበት ሲገባ ስለሆነ ዓርብ ቀትር ላይ በግቢው ዘበኛ እንደሌለ፣ እሱ ከገባ በኋላ ግን ማንም በበሩ እንዳላለፈ ነገራት። አትክልት ሌላ ያየው እንዳለ ጠየቀችው።

«ማታ በኋላው መስኮት በኩል ቀይ ብርሃን አይቻለሁ። እንደ ፍም ያለ። የሥራ መሣሪያቸው መስሎኝ አለፍኩት። ጠዋት ሳየው ጠፍቷል።»

ሽሎሚ በማግስቱ መጣ። ሰብለወርቅን ትከሻዋን ይዞ አለቀሰ። ዓርብ ቀትር ላይ ቤንያሚንን በደህና ትቶት እንደወጣ፣ ሰንበት ሳይገባ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ናታንያ ከተማ እናቱ ቤት እንደደረሰ፣ እስከ ቅዳሜ ማታም ከዘመድ አዝማዱ እንዳልተለየ ሳይጠየቅ ተረከ። ስለ ሳሪት ምንም አልናገርም አለ፤ አለመናገሩ ግን ከተናገረው ይብስ ነበር።

አትክልት ሥራቸውን እንዲያብራራላት ለመነችው። ደስ ብሎት አስረዳት። ሙቀት በሦስት መንገድ ይሄዳል፦ በመንካት፣ በነፋስ፣ በጨረር። ማንኪያ ድስት ውስጥ ሲቆይ እጀታው መጋሉ በመንካት ነው፤ ሻይ ሲነፉበት መብረዱ በነፋስ፤ ፀሐይ ፊትን ማሞቋ ደግሞ በጨረር። ቀላሉ ሦስቱን ለየብቻ አስልቶ መደመር ነው። ግን ልክ አይመጣም፤ በጨረር የጋለውን ነፋሱ ያበርደዋል፣ የበረደው እንደገና ከጨረሩ ይቀበላል፤ አንዱ ሲለወጥ ሁሉም ይለወጣል። ሦስቱን አጣምሮ የሚያሰላ ሥርዓት ያለው ግን በአገሩ ጥቂት ሰው ነው።

«ይህን ያመጣው ሟቹ ነው ይባላል» አለች አትክልት ሻይዋን እየነፋች።

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ ሽሎሚ ፈጠን ብሎ።

«ቀዩ ብርሃንስ ምን ነበር? ዘበኛው አየሁ ያለው።»

«የጨረር ማሞቂያው ነው። ዓርብ ዓርብ ቤንያሚን በሽዖን ሻባት አድርጎ ትቶት ይሄዳል፤ ሰንበቱን ሙሉ ይለካል። ሁላችን እንዲሁ ነን።»

ሽዖን ሻባት ማለት ሰው በሰንበት እጁን ሳያነሳ መብራቱም ማሞቂያውም በራሱ ጊዜ እንዲበራና እንዲጠፋ የሚያደርግ ሶኬት ነው፤ በዚህ አገር የሌለበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። አትክልት ራሷን ነቀነቀች፤ ወንበሯንም ጎተተች።

ሳሪት ስትመጣ ሰብለወርቅ ፊቷን አዞረች። ሳሪት ዓርብ ማታ ሃኪርያ ባለው ቤቷ ብቻዋን እንደነበረች፣ የሚመሰክርላትም እንደሌለ በአጭሩ ተናገረች። ዓርብ ቀትርስ ስትባል እናቷን ይዛ ሐኪም ቤት ነበረች፤ ነርሶቹ ያውቃሉ።

«ዓርብ ዓርብ ከቤንያሚን ጋር ምን ትሠሩ ነበር?»

ሳሪት ጥግ ላይ የተቀመጡትን የሰብለወርቅን አባት፣ አባ ገብሩን፣ አየች። «እዚህ አልናገርም» አለች።

«በዚያች ዓርብስ ለምን ሳትሄጂ ቀረሽ?»

ሳሪት ሰብለወርቅ ላይ አንድ ጊዜ ዓይኗን ጣል አደረገችና «አልተመቸኝም» አለች። ሰብለወርቅ ከማመስገን ይልቅ ባሰባት። «ልታዋርደኝ ነው፤ በምሕረቷ ልትገዛኝ» ብላ ጥርሷን ነከሰች። ቅናት ቸርነትን እንኳ እንደ ጥፊ ይቆጥራል።

አባ ገብሩ ብቻቸውን ሲቀሩ አትክልት ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች። ቤቱ ይበርዳል፤ ሽማግሌው ጉልበታቸውን በጋቢ ጠቅልለው ነው የሚውሉት።

«አባ፣ አንቱ በሰንበት ማሞቂያ አያበሩም?»

«ጎንደርም ሳለን ሰንበት ሲገባ እሳት ይጠፋ ነበር። ዳቧችንን ቀዝቃዛ እንበላለን፣ በጨለማ እንተኛለን። እዚህም ዓርብ ማታ ሶኬቱን ሁሉ እናስነቅላለን። ቤንያሚን ከገዛ ልጄ አብልጦ ይጠብቅ ነበር፣ ነፍሱን ይማር።»

«በራሱ የሚጠፋውስ? በሽዖኑ?»

«እሳት እሳት ነው፣ ልጄ። ማን አጠፋው አይደለም ነገሩ። ሰንበት ገብታ ሲነድ ካገኘችው፣ ነደደ ነው።»

«መሥሪያ ቤቱስ? እዚያም ይነቅል ነበር?»

«ነቅዬ መጣሁ ካላለኝ እኔስ መች ያስተኛኛል?» አሉ ሽማግሌው።

ለቅሶው ባበቃ ማግስት፣ ፀሐዩ ከቀትር ሲያዘነብል፣ አትክልት ሁሉንም ወደ ሙከራው ክፍል አስጠራች። ሽሎሚ፣ ሳሪት፣ ታዬ፣ ሰብለወርቅና አባ ገብሩ በዙሪያ ተቀመጡ፤ በበሩ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ። ጠረጴዛው፣ የቸኮሌት ሳጥኑና አንድ የብረት ቴርሞስ በዚያች ቀን በነበሩበት ተቀምጠዋል። መርማሪዋ በዕብራይስጥ ትናገርና ለሽማግሌው በአማርኛ ትመልስላቸው ነበር።

«ሰብለወርቅ፣ ይህን ሳጥን ስታይ ያየሽው ስጦታ ነው» አለች። «እኔ ያየሁት ጥላ ነው። ቀርበሽ እዪ።»

ሰብለወርቅ ቀረበች። ቸኮሌቶቹ በአበባ ቅርጽ የተሠሩ ነበሩ። ከሳጥኑ የሚበዛው ቀልጦ፣ ተዋህዶ፣ እንደገና ደርቆ ነጭ ሆኗል። በመሀል ግን አንድ መስመር አበባ ቅጠሉ እንኳ ሳይበላሽ ቀርቷል።

«ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። ሞቃት አየር ገብቶ ቢሆን ሁሉም በቀለጠ። አብዛኛው ቀልጦ ጥቂቱ የተረፈው በጨረር ቢሆን ነው፤ ጨረር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የከለሉትን አያገኝም። በብርድ ወር ባሕሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ብትቆሙ ይሞቃችኋል፤ ከግንብ ኋላ ብትሆኑ ትንቀጠቀጣላችሁ፤ አየሩ ግን አንድ ነው። እነዚህን አበቦች ያዳናቸው የዚህ ቴርሞስ ጥላ ነው። ከአበቦቹ በቴርሞሱ በኩል በዓይናችሁ መስመር ብትስቡ ከዚያ ማሞቂያ ፊት ትደርሳላችሁ። ማሞቂያው ፊቱን ያዞረው ደግሞ ወደ ጠረጴዛው ብቻ አይደለም፤ ቤንያሚን ወደ ወደቀበትም ነው።»

ታዬ «ቀዩ ብርሃን» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ። ሐኪማችን አየሩን ለካ፤ አየሩ አልዋሸም። አስከሬኑን ግን አየሩ ሲያበርደው ማሞቂያው በጨረር ያሞቀው ነበር። ማሞቂያውን ስነግረው ሐኪሙ እንደገና አሰላ። ቤንያሚን የሞተው እኩለ ሌሊት አይደለም፤ ዓርብ ቀትር ላይ ነው።»

ሽሎሚ ማሞቂያውን የተከለው ቤንያሚን ራሱ መሆኑን አስታወሳት፤ በድንገት ዞሮበት እንጂ ሌላ ነገር የለውም አለ።

«እንዲህ ማለትህ ነው የጠቆመኝ። እኔ የእነዚህ ሰዎች ልጅ ነኝ። ቤንያሚን ሰንበትን በሽዖን የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ ከመሄዱ በፊት ሶኬቱን ሁሉ በእጁ ይነቅል ነበር። ሳሪት፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ እንጂ። እስኪነቅል በር ላይ ቆሜ እጠብቀው ነበር።»

«ስለዚህ ሳሪት ብትሆን ይህን ውሸት አትዋሽም። ሽሎሚ ግን ዓርብ ቶሎ ስለሚሄድ አይቶት አያውቅም፤ ሰው ሁሉ እንደ እሱ ቤት መስሎታል። ደግሞም አስቡት፤ ሞቱ ማታ እንዲመስል ማን ይጠቀማል? ሳሪት ምስክር ያላት ለቀትር ነው፤ ለማታ የላትም። ሰብለወርቅ ማታ ብቻዋን መንገድ ላይ ነበረች። ታዬ ማታ እዚሁ ግቢ ነበር፤ ማታ ሞተ ማለት በራሱ ላይ መፍረድ ነው። ማታ ብዙ ሰው መሀል የነበረው አንድ ብቻ ነው።»

ሽሎሚ ይህ ሁሉ ግምት ነው አለ። አትክልት ከቦርሳዋ አንድ ሽዖን ሻባት አወጣች፤ በጎኑ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጠብጣብ ነበረበት።

«ማሞቂያው ላይ የተሰካው ይህ ነው። ትናንት ከሌሎች ሁለት ጋር አድርጌ ለሚስትህ ለኢሪት አሳየኋት። የእኔ የወጥ ቤቴ ነው፣ ቀለሙን ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ፣ የት አገኘሽው አለችኝ። በዚያች ሰንበት ናታንያ ስለሄዳችሁ ቤታችሁ አያስፈልግም ነበር። ማሞቂያው በምን ርቀት ቢቆም አስከሬኑ ሳይቃጠልም ሳይበርድም እንደሚያድር ለማወቅ ደግሞ ጨረሩን፣ የማዝጋኑን ነፋስና የቀዝቃዛውን ወለል አጣምሮ ማስላት ይጠይቃል። ያንን ያሰላኸው በራሱ በቤንያሚን ሥርዓት ነው። በዚህ መሥሪያ ቤት ከእሱ ሌላ ሥርዓት የለማ።»

ሽሎሚ ሽዖኑን ከእጇ ላይ አየው። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «መሥሪያ ቤቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሰው በእኔ በር ገብቶ፣ እኔን እያየኝ፣ ቤንያሚን አለ ወይ ይለኛል። ስድስት ዓመት። የቀጠርኩት ሌላ ሰው የማይቀጥረው ጊዜ ነበር፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልኮራብኝም፤ ይብስ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።»

አትክልት እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል አለች። ዓርብ ዓርብ ሳሪት ከቤንያሚን አትለይም ነበር፤ ሽሎሚ በዚያች ዓርብ ብቻውን እንደሚሆን እንዴት አወቀ?

ሽሎሚ ቀና ብሎ ሰብለወርቅን አያት። ሳሪት «እኔ ነኝ የነገርኩት» ልትል አፏን ከፈተች፤ ሰብለወርቅ ግን ቀደመቻት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሳሪትን እንዳትመጣ ዛትኩባት። ከዚያ ለሽሎሚ ደውዬ ደስ ይበልህ፣ ዛሬ ብቻውን ነው፣ አስቀረኋት አልኩት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የዓርቡ ቃል ወጥቶ ሥራውን ጨርሶ ነበር። አባ ገብሩ የልጃቸውን እጅ ያዙ። ሽሎሚን ሲወስዱት ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ሰብለወርቅ ወደ ሳሪት ዞረች። «አሁን ንገሪኝ። ምን ነበራችሁ?»

ሳሪት መልስ ሳትሰጥ የኋላውን በር ከፍታ ወደ ጓሮ አወጣቻቸው። ከግድግዳው ሥር ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ ሰፊ መደብ ነበር፤ መደገፊያም አለው፤ ፀሐይዋ በሙሉ አርፋበታለች። ሳሪት በቀስታ አስረዳች፤ አትክልትም ለሽማግሌው ተረጎመች። ድንጋዩ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይጠጣል። ሰንበት ሲገባ እሳት የለም፣ ሶኬት የለም፤ ድንጋዩ የጠጣውን ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ለሚቀመጥበት ሰው ይመልሳል። ቤንያሚን ምን ያህል ፀሐይ እንደሚገባ፣ ምን ያህሉን የባሕሩ ነፋስ እንደሚወስደው፣ ምን ያህሉ በጨረር ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ ለወራት ሲያሰላ ኖሯል። እሷ ዓርብ ዓርብ ትለካለት ነበር።

«ለአባትሽ ጉልበት ነው። ሳያልቅ ከሰሙ አይሆንም ይላሉ ብሎ ፈራ። ለሰብለ ዛሬ ብነግራት ነገ አባባ ያውቃሉ፣ ሆዷ ነገር አይችልም እያለ ይስቅ ነበር። በዚያች ዓርብ የመጨረሻው ልኬት ነበር። ቸኮሌቱ ለእኔ ነው፤ ምስጋና አመጣልሻለሁ ብሎኝ ነበር።» ቀጥሎም «ብመጣ ኖሮ» ብላ ጀመረችና ተወችው።

የቀረውን ሰብለወርቅ ራሷ በልቧ ጨረሰችው። ብትመጣ ኖሮ ሁለት ይሆኑ ነበር፤ ሁለት ቢሆኑ ሽሎሚ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ባሏ አልከዳትም። ሌት ተቀን ለማወቅ የተቃጠለችው ይህን ነበር፤ አሁን አወቀችው።

መደቡ ሮቫ ዳሌት ተወስዶ በረንዳቸው ላይ ተተከለ። አባ ገብሩ መጀመሪያ አመነቱ፤ ከዚያ ፀሐይን የፈጠረ እሱ ነው ብለው ተቀመጡበት። ሰንበት ሲገባ ልጃቸውን ይጠሯታል፤ ሁለት ሰው ይይዛል፣ ነይ ጀርባሽን አሙቂ ይሏታል። ሰብለወርቅ ጋቢያቸውን ታስተካክልላቸዋለች።

«አንቱ ይሙቁ፣ አባ» ትላለች፤ «እኔ አልበረደኝም።»

ከዚያም ቀዝቃዛው ክፍል ገብታ በጨለማ ትተኛለች።